አንዲት ትርፍ «ኡ»

መቱን እንደኔ የሚያውቃት የለም ስል ጉራ ይመስላል፤ ግን እውነቴን ነው። ሌላው ሰው የሚያውቃት በዋናው መንገድ ነው፤ እኔ የማውቃት በጓሮ በኩል። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ የከተማዋን የውኃ ቆጣሪ አነብ ነበር። ቆጣሪ ደግሞ ሳሎን አይቀመጥም። ከሽንት ቤቱ ጎን፣ ከዶሮ ቤቱ ኋላ፣ ከጎደሬው ቅጠል ሥር ነው የሚገኘው። የማን አጥር እንደዘመመ፣ የትኛዋ አማት ምራቷን እንዳኮረፈች፣ የማን ውሻ ጩኸት ብቻ እንደሆነ፣ የማን ውሻ ደግሞ ድምፁን ሳያሰማ መጥቶ ላፍ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። የዝምተኛው ውሻ ምልክት እስካሁን ባቴ ላይ አለ።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። እማዬ ሁለት ቀን አለቀሰችና በሦስተኛው ቀን «በቃ፣ እግር አለሽ፣ እጅ አለሽ፣ ምላስማ ተርፎሻል» አለችኝ። እኔም ሦስት ሥራ ያዝኩ። ሦስቱ ተደምረው አንድ ደህና ሥራ አይሞሉም ነበር። ጠዋት ጠዋት ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሱቅ እተይባለሁ። ከወሩ አንዱን ሳምንት ከሰዓት ከሰዓት ቆጣሪ አነባለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ሞንታርቦ የተጫነበት ባጃጅ ላይ ተቀምጬ ለከተማው ማስታወቂያ እናገራለሁ። ያኔ ባጃጅ ከተማችን ገና መግባቱ ነበር፤ ሕፃናቱ ለማስታወቂያው ሳይሆን ለባጃጁ ነበር የሚሮጡት።

የየግቢውን በር ስደርስ መጀመሪያ «ቤቶች!» እላለሁ፤ መልስ ካጣሁ «ዋራ መና!» ብዬ በኦሮምኛ እደግመዋለሁ፤ ሁለቱም ካልሠሩ የቆርቆሮውን በር በእርሳሴ አንኳኳለሁ። «ማነው?» «የቆጣሪዋ ልጅ ነኝ!» «ኮቱ፣ ነይ ግቢ፣ ዝናብ ይመታሻል!» እንዲህ ነው አነጋገራችን፤ በአንዱ ቋንቋ ጠርቶ በሌላው ያስገባል። ከገባሁ ደግሞ በባዶ አፌ አልወጣም። አንዷ ጋ የበቆሎ ቅቅል፣ አንዷ ጋ ትኩስ ጎደሬ በዳጣ፣ አንዷ ጋ ደግሞ ምክር። «አንቺ ልጅ፣ ባል መቼ ነው የምታገቢው?» ትለኛለች ቆጣሪው ላይ ጎንበስ ብዬ ቁጥር ስቆጥር። ቁጥሩ ይጠፋኝና እንደገና እጀምራለሁ። ቅዳሜ «ማክሰኞ ውኃ ስለማይኖር ቀድማችሁ ቅዱ» ብዬ በሞንታርቦ ስናገር ውዬ ማክሰኞ በሰፈሩ ባልፍ አለቀልኝ። «ድምፅሽን ለይተነዋል! አንቺ ነሽ ውኃውን የምታጠፊብን!» እኔ ምን ላድርግ፤ ወሬ ነጋሪ እንጂ ቧንቧ ዘጊ አይደለሁ! አንድ ቅዳሜ እዚሁ አቅራቢያችን ካለችው ቡሬ ድረስ ሄደን ስናስተዋውቅ እንኳን አንዲት ጎመን ሻጭ «የመቷ የቆጣሪ ልጅ አይደለሽ?» አለችኝ። እንዲህ ታዋቂ ሆኜ ጫማዬ ግን ውኃ ያስገባ ነበር።

ይህን ሁሉ ስሮጥ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባዬ ጠረጴዛውን ተሸክሞ ከቤት ሲወጣ ማየት።

አባዬ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ከፍርድ ቤቱ ደጅ፣ ከትልቁ ዋንዛ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ጥቁር ጃንጥላ ይዞ ለብዙ ዘመን ተቀምጧል። አያቱ ከሸዋ መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ ጎረቤት ኖፓ ተወልዶ ያደገ ነውና ኦሮምኛውን ሲናገር የዳሪሙ ገበሬ እንኳን አፉን ይዞ ነው የሚሰማው። ሥራው እንዲህ ነበር። ባለጉዳዩ በኦሮምኛ ይነግረዋል፤ እሱ በአማርኛ ይጽፋል። የእጅ ጽሑፉ! ፊደሎቹ ተሰልፈው የቆሙ ነበር የሚመስሉት። የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ከፊርማው በፊት በጽሑፉ ያውቁት ነበር።

ጽፎ ሲጨርስ ግን አይሰጥም። ወረቀቱን ከፍ ያደርግና የጻፈውን አማርኛ መልሶ በኦሮምኛ ለባለጉዳዩ ያነብለታል። ቃል በቃል፣ ሳይቸኩል። «ያልከው ይኼ ነው?» ይላል። ሰውየው «አይ፣ በሬው ቀይ አይደለም፣ ዳማ ነው» ካለ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ እንደገና ይጻፋል። ሌላም ሕግ ነበረው። ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀቱ ላይ እንዲፈርም አይፈቅድም። አንዴ ስሙን መጫጫር የተማረ አንድ ጎረምሳ «እኔ ፊርማ አለኝ» ብሎ ቢኮራበት፣ አባዬ እስክሪብቶውን ቀማው። «ፊርማ ያነበበ ሰው ነው። ያላነበበ ተነቦለት፣ አምኖ፣ ጣቱን ይጫን። ይህ ውርደት አይደለም፤ አደራ ነው» አለው። ልጅ ሆኜ ምሳውን ሳደርስለት ይህን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ፌዴራሉ መጣና የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ፣ ጽሑፉም ቁቤ ሆነ። ተገቢም ነው፤ ገበሬው በሚናገረው ቋንቋ ይጻፍለት። ይህን አባዬም አይክድም። የሸሸው ከቋንቋው አይደለም፤ ከፊደሉ ነው። «ኦሮምኛማ የእኔም አፍ ነው፤ ግን በዚህ ዕድሜዬ ቁጭ ብዬ ኤ ቢ ሲ ልቁጠር?» ይላል። ለጥቂት ዓመታት አዲስ አበባ ላሉ ልጆቻቸው ደብዳቤ በሚያጽፉ እናቶች ኖረ። ሞባይል መጣ፤ እናቶቹም ደወሉ። አንድ ሐሙስ አባዬ ጠረጴዛውን ተሸክሞ ቤት ገባ። እማዬ በሳምንቱ ድስቶቿን ደረደረችበት።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ከቤት አይወጣም። ሬዲዮ ያዳምጣል፣ ያለ ድምፅ ይበላል። እማዬ አንድ ቀን ልብስ ስታጥብ «አባትሽ ከጠረጴዛው ጋር አብሮ እየሄደብኝ ነው» አለችኝ። በጣም ፈራሁ። ተናደድኩም፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

እንግዲህ እኔ በጠዋት ሱቅ የምተይበው ያንኑ ማመልከቻ ነበር፤ በቁቤ። ለአባዬ አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ችግሩ እኔም ብሆን ቁቤው አልጠነከረልኝም። በአማርኛው ክፍል ነው የተማርኩት፤ ኦሮምኛን እንደ አንድ ትምህርት ወስጄ ለፈተና ያህል ነው የማውቀው። መናገሩንማ ከጡት ጋር ጠብቼዋለሁ። በጽሑፍ ግን የቱ ድምፅ እንደሚረዝም፣ የቱ እንደሚያጥር ግራ ይገባኛል። ስለዚህ አንድ ዘዴ አበጀሁ። ከተጠራጠርኩ ፊደሉን እደግመዋለሁ። ክፍያው በገጽ ስለሆነ የሱቁ ባለቤት እትዬም ደስ ይላቸው ነበር፤ «ያንቺ ጽሑፍ ገጽ ይሞላል» ይሉኛል።

አንድ ቀን እንዲህ ሆነ፤ የቆጣሪ ሳምንት ነበር። ዝናቡ አላባራም፤ ሳይመሽ መቶ ግቢ ማዳረስ ያለብኝ ይመስለኝ ነበር። ከሱቁ ልወጣ ስል ከዳሪሙ በእግራቸው የመጡ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ካፖርታቸው ውኃ ያንጠባጥባል። ጎረቤታቸው ድንበር ገፍቶ ቡናቸውን ቆርጦባቸዋል። በኦሮምኛ ይነግሩኛል፣ እኔ ቆሜ እተይባለሁ፤ አዎ፣ ቆሜ። ስጨርስ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አታነቢልኝም?» አሉኝ።

«አባባ፣ ያሉኝን ነው የጻፍኩት፤ ይሂዱ፣ ችሎቱ ይዘጋብዎታል» አልኩና የጣት ቀለሙን አቀረብኩላቸው። አመኑኝ። ተጫኑ። እኔም ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ ቆጣሪዬ ሮጥኩ።

በኦሮምኛ «ዱፌ» ማለት መጣ ማለት ነው። «ዱ»ዋን ሳብ አድርጎ «ዱኡፌ» ያለ ሰው ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ፈሳ ማለቱ ነው። በአፉ ይህን የሚሳሳት የመቱ ልጅ የለም። በእኛ ፊደል ቢጻፍ ሁለቱም ያው «ዱ» ናቸው፤ በቁቤ ግን አጭሯ አንድ «ኡ» ትይዛለች፣ ረጅሟ ሁለት። እኔ ደግሞ ከተጠራጠርኩ እደግማለሁ አላልኳችሁም?

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ተቀምጬ ሳለ የፍርድ ቤቱ ዘበኛ ሆዱን ይዞ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «አንቺ ነሽ? አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» ይላል፣ መናገር አቅቶታል። ክሱ ያን ጠዋት በችሎት ተነቦ ኖሯል። ተከሳሽ ሰኔ ላይ ማሳዬ ላይ ፈሳ። ሐምሌ ላይ ተመልሶ ፈሳ። በመጨረሻም ከነልጆቹ ፈስቶ ቡናዬን ቆረጠ። አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። ሽማግሌውን ተከትሎ የመጣው ተከሳሽ ራሱ «ጌታዬ፣ ይኼኛውን አላደረግኩም!» አለ አሉ። ዳኛው ጠረጴዛውን መትተው ጸጥታ ካስከበሩ በኋላ ለሽማግሌው «ነገ ጠዋት አስተካክለው ይምጡ፤ ያለዚያ መዝገቡ ይዘጋል» አሏቸው።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እትዬ ከፎቶ ኮፒው ኋላ ብቅ ብለው «አበስኩ ገበርኩ! ሱቄን የፈስ ሱቅ አደረግሽልኝ!» አሉ። ሙቱ፣ አላሳቀኝም። ምክንያቱም ሽማግሌው በር ላይ ቆመው ነበር። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ይዘውታል። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ መጣ ነው ያልኩሽ» አሉ። «ድሮ እዚያ ዛፍ ሥር የሚጽፍ ሰውዬ ነበር። የወንድሜን ጉዳይ የጻፈልን እሱ ነው። ጽፎ ያነብልን ነበር። አሁን የሚያነብ ሰው የለም ማለት ነው?»

«አለ» አልኩ። «አባቴ ነው። ይምጡ።»

ቤት ስንደርስ አባዬ ሬዲዮው ሥር ተቀምጧል። ሽማግሌውን ሲያይ ተነሣ፤ እንግዳ ሲመጣ መነሣቱን አልተወም ነበር። ተሳሳሙ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ተጠያየቁ። ዳሪሙና ኖፓ ዘመድ ፍለጋ ሲጀምሩ ደግሞ ማን ያቆማቸዋል። በመጨረሻ እኔ እየተንተባተብኩ የሆነውን ነገርኩት። ያላነበብኩላቸውን ጭምር። አባዬ ወረቀቱን ተቀበለ፤ ቁቤው ላይ ዓይኑን አዙሮ መለሰልኝ።

«አንብቢው» አለ። «እንደጻፍሽው። ድምፁን እንዳለ።»

«አባዬ…»

«አንብቢ ብዬሻለሁ!»

አነበብኩ። ሰኔ ላይ፣ ሐምሌ ላይ፣ ከነልጆቹ። አንገቴን ደፍቼ ዱላ ስጠብቅ አንድ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። አባዬ እየሳቀ ነበር! መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በትከሻው፣ በኋላ ወንበሩን ይዞ። «ከነ… ከነልጆቹ!» ይላል። ሽማግሌውም ጥቂት ታገሉና ተሸነፉ፤ ካፖርታቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እማዬ ከጓዳ እጇ ሊጥ እንደሆነ ወጥታ በር ላይ ደረቀች። ስንት ዓመቷ ነው ያንን ሳቅ ካልሰማች!

አባዬ ዓይኑን ጠረገና ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ድስቶች አየ።

«ድስቱን አንሺልኝ» አላት።

እማዬ ድስቶቹን አንድ በአንድ መሬት አወረደች፤ ጠረጴዛውን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። አባዬ ሽማግሌውን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ እንደ ድሮው ይጠይቃቸው ጀመር። ድንበሩ ላይ ምን ነበር? ግራር ወይስ ድንጋይ? ቡናው ስንት ዓመቱ ነው? ማን አይቷል? እያዳመጠ ነገሩን ሥርዓት ያስይዝና በኦሮምኛ ቃል በቃል ይነግረኛል፤ እኔ ደብተር ላይ በቁቤ እጽፋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ «አንብቢ» ይላል። ስሳሳት ፊደሉን አያውቀውም፤ ጆሮው ግን አያልፈኝም። «ረዘመ። አሳጥሪው።» «ይኼኛው ጠበቅ ይላል፤ ደርቢው።» ያን ቀን ከአባቴ የተማርኩትን ቁቤ አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት አልተማርኩም። እሱ ደግሞ አንዷንም ፊደል አያውቅም! ቆጣሪው በዚያ ቀን ሳይነበብ ቀረ፤ ተቆጥተውኛል፣ ይቆጡ።

በማግስቱ ክሱ ያለ ሳቅ ተነበበና ጉዳዩ ቀጠለ። ሽማግሌው በኋላ አንድ ቅል ማር ልከውልናል። ወሬው ግን ከማሩ በፊት ደርሶ ነበር። የፈሱ ወሬ በአንድ በኩል፣ የሚያነበው ሰውዬ ወሬ በሌላ በኩል። ቆጣሪ ላነብ በገባሁበት ግቢ ሁሉ «እስኪ ተከሳሹ ምን አደረገ?» እያሉ ይስቁብኛል፣ አስከትለው ደግሞ «አባትሽ ቤት ነው?» ይላሉ። ቀስ በቀስ ሰዎች ወደ ቤታችን ይመጡ ጀመር። እሱ ያዳምጣል፣ ይናገራል፤ እኔ እጽፋለሁ፣ አነባለሁ። ከዚያ ወስጄ ሱቅ እተይበዋለሁ። እትዬም ታረቁኝ።

እኔ ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ሥራው ቤት ውስጥ ነበር። «አባዬ፣ ዛፉ ጋ እንሂድ» ስለው «እኔ ማንበብ የማልችል ጸሐፊ ነኝ፤ ሰው ፊት ምን ብዬ እቀመጣለሁ?» ይለኛል። ስንቴ ተጨቃጨቅን። ምላሴ ስለማያርፍ አንድ ቀን «አንተ ለስንቱ ነው ውርደት አይደለም፣ አደራ ነው ያልከው? ለራስህ ሲሆን ነው ውርደት የሚሆነው?» ብዬ ለቀቅኩበት። እማዬ ከጓዳ «አንቺ ባለጌ!» አለች። አባዬ ለሁለት ቀን አላናገረኝም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሱቅ ልወጣ ስል ጠራኝ። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል፤ ተላጭቷል፣ ኮቱን ለብሷል። «ደብተርሽን አውጪ» አለኝ። «ባለጉዳይ አለ።»

«የታለ?»

«እኔ ነኝ።»

ማዘጋጃ ቤቱ በዚያን ጊዜ ያለ ፈቃድ ደጅ ላይ መቀመጥ ከልክሎ ነበር። አባዬ ከዋንዛው ሥር ለአንድ ጠረጴዛና ለሦስት ወንበር የሚሆን ቦታ እንዲፈቀድለት ሊያመለክት ነው። ወንበሩ ሦስት መሆኑን ልብ አልኩ፤ ድሮ ሁለት ነበር። ስንቱን ሲጽፍ ኖሮ ለራሱ ማመልከቻ ጽፎ አያውቅም። በኦሮምኛ ነገረኝ፣ ጻፍኩ፣ ሮጬ ሱቅ ተይቤ በምሳ ሰዓት ተመለስኩ። የቆጣሪ ሳምንት ቢሆንም ቆሜ አይደለም፤ ተቀምጬ ነው የተየብኩት። ከዚያ ፊቱ ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ለብዙ ዘመን ጠዋት ጠዋት እዚያ ዛፍ ሥር መጣሁ የሚለው ጋ ስደርስ እጁን አነሣ።

«ቆይ። ስንት ‹ኡ› ነው?»

«አንድ።»

«እርግጠኛ ነሽ? ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ለብዙ ዘመን…» ብሎ አልጨረሰውም፤ ሁለታችንም ሳቅን።

አንብቤ ስጨርስ እስክሪብቶውን ሰጠሁት። ያ ፊርማው ይታየኛል፤ መጨረሻው ላይ እንደ ጅራፍ ዞር የሚል፣ መዝገብ ቤት ሁሉ የሚያውቀው ፊርማ። አባዬ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው።

«የጣት ቀለሙን አምጪ» አለኝ።

«አባዬ፣ አንተ እኮ ፊርማ አለህ!»

«ማንበብ ለማልችለው ወረቀት የለኝም። አነበብሽልኝ፣ አመንኩሽ። አምጪ።»

አመጣሁ። በመቱ ሁሉ የጽሑፉ ውበት የተወራለት ሰውዬ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ አሽቶ፣ እኔ ከጻፍኩት ሥር፣ ከስሙ አጠገብ፣ ተጫነ። ቀስ ብሎ፣ እንዳይበላሽብኝ ተጠንቅቆ። አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ወረቀቱ እንዳይርስ ዞር ብዬ ነው ያለቀስኩት።

እሱ ግን ጣቱን በመሐረቡ ጠርጎ ቀና ብሎ አየኝ።

«በይ አሁን ሂጂ» አለኝ፤ «ቆጣሪሽ ይጠብቅሻል።»